ድሀውን ተዉት፤ ሽብር የሚያቅደው ጠግቦ ያደረ ነው

 

ዛሬ የምጽፈው አንድ አባባል ስለሰለቸኝ ነው። ፒጉዓ በተፈጸመ ቁጥር ቴሌቪዥን ላይ አንድ አዋቂ ይቀርብና «ነገሩ ሁሉ ከድህነት የመጣ ነው፤ ዓለም ሀብቱን እኩል ቢካፈል ኖሮ ሽብር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር» ይላል። ይሄው ቃል ዞሮ ዞሮ እኛም ዘንድ ደርሷል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ቡና እየተጠጣ፣ «የተራበ ሰው ምን የሚያጣው አለና ነው?» ሲባል ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ሲሰሙት የርኅራኄ ቃል ይመስላል። እኔ ግን ስድብ ነው እላለሁ። የሚሰደቡትም የጋዛ ወይም የሶማሊያ ድሆች ብቻ አይደሉም፣ እኔና እናንተም ነን።

እስቲ ከራሳችን እንጀምር። የ77ን ረሃብ በዓይኑ ያየ መካከላችን ስንት ሰው አለ? ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥቶ በእግሩ ሱዳን የገባ፣ ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ ወራት የቆየ፣ ልጁን በማያውቀው አገር አፈር ቀብሮ መንገዱን የቀጠለ? በመንገድና በካምፕ ያለቀው ወገናችን ወደ 4,000 ይጠጋል ይባላል። በዚያው ዘመን በወሎና በትግራይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ አውሮፓ ስንዴ ተርፏት በየመጋዘኑ ከምራ ነበር። በዓለም መካከል እኩልነት ጠፋ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ከዚህ የባሰ ምሳሌ የትም አታገኙም። ታዲያ ከዚያ ሁሉ የወሎ ገበሬ መካከል ተነሥቶ ፓሪስ ገበያ ውስጥ ቦምብ ያፈነዳ ማን ነው? አንድ ሰው ጥሩልኝ። የተራበ ሰው የሚያስበው ስለ እህልና ስለ ልጁ ነው። የባዕድ አገር ካርታ ዘርግቶ፣ የአውሮፕላን ሰዓት እያጠና የሚውልበት ጊዜም ጉልበትም የለውም።

ለነገሩ «ሽብር» የሚለውን ቃል ራሱን የለመድነው ከየት ነው? ከ«ቀይ ሽብር» አይደለም እንዴ? የመላኩ ተፈራን ዘመን ጎንደር ውስጥ ያሳለፈ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ያን ጊዜ ማን ነበር አሸባሪው? በአንድ በኩል መንግሥት የያዙ መኮንኖችና ካድሬዎች፣ በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲ የደረሱ ወጣቶች። ሚዛኑ እኩል አልነበረም፣ መንግሥት የገደለው እጅግ ይበልጣል። ግን ከሁለቱም ወገን ዕቅዱን ያወጣው ያነበበ፣ የተማረ፣ ጠግቦ ያደረ ሰው ነው። ገበሬው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ ተሸበሩ እንጂ አላሸበሩም።

አሁን ወደ ዓለም እንውጣ። ኦሳማ ቢን ላደን የማን ልጅ ነበር? በሳውዲ አረቢያ ካሉት ታላላቅ የግንባታ ሀብታሞች የአንዱ ልጅ። ምክትሉ አይማን አል ዘዋሂሪ የካይሮ ሐኪም፣ ያውም ቀዶ ጥገና የሚሠራ፣ ከታወቀ ቤተሰብ የተወለደ። መስከረም 11 ቀን 2001 አውሮፕላኖቹን ከጠለፉት 19 ሰዎች መካከል 15ቱ ከሳውዲ ናቸው፤ ከማላዊ ወይም ከቡሩንዲ የመጣ አንድም የለም። መሪያቸው ሙሐመድ አታ ካይሮ አርክቴክቸር ተምሮ፣ ጀርመን ሃምቡርግ የከተማ ፕላን ያጠና ሰው ነው። በ2009 በፈረንጆቹ የገና ዕለት ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ውስጥ፣ በውስጥ ሱሪው ፈንጂ ይዞ የገባው ወጣት ናይጄሪያዊ ነው ሲባል ብዙ ሰው «ምስኪን፣ ድህነት ነው» ብሎ ነበር። አባቱ ግን የታወቀ የባንክ ሰው፣ ልጁም ለንደን ኢንጂነሪንግ የተማረ ሆኖ ተገኘ። (አባትየው፣ ይሄን እዚህ ላይ ማለት አለብኝ፣ ልጁ ሲለወጥበት አይቶ ራሱ የአሜሪካ ኤምባሲ ሄዶ አስጠንቅቆ ነበር። ሰሚ ጠፋ።) በ2016 ዳካ፣ ባንግላዴሽ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ካረዱት መካከል ውድ ትምህርት ቤት የተማሩ የሀብታም ልጆች ነበሩ። በ2019 በስሪ ላንካ በፋሲካ ቀን ከ250 በላይ ሰው ካጠፉት አጥፍቶ ጠፊዎች ሁለቱ የባለጸጋ ቅመም ነጋዴ ልጆች ናቸው።

«እነዚህ መሪዎች ናቸው፣ ተራውስ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎች ተራውንም ቆጥረዋል። አለን ክሩገርና ዪትካ ማሌችኮቫ በ2003 ባሳተሙት ጥናት 129 የሞቱ የሂዝቦላ ተዋጊዎችን ከሊባኖስ ሕዝብ ጋር አስተያዩ፤ ከተዋጊዎቹ ድሀ የሆነው 28 በመቶ፣ ከሕዝቡ 33 በመቶ። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ክሎድ ቤሬቢ የሐማስንና የእስላማዊ ጅሃድን አጥፍቶ ጠፊዎች ቤተሰብ ሲያጠና፣ ከአካባቢያቸው ሕዝብ ይልቅ ድህነቱ ያነሰ፣ ትምህርቱም የላቀ ሆኖ አገኘው። የዓለም ባንክ በ2016 ከዳኢሽ የወጡ የ3,803 የውጭ አገር ምልምሎች መዝገብ መርምሮ፣ 69 በመቶዎቹ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ መሆናቸውን ጻፈ። ደግሞ «የእነሱ ነገር ነው» ብለን እንዳንጽናና፣ እነክሩገር በ70ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ መጀመሪያ በእኛው አገር ዐረቦችን ያጠቁትን የማሕተረት አባላትም ተመልክተዋል። ምን ነበሩ? መምህር፣ ኢንጂነር፣ ኬሚስት፣ የጦር አውሮፕላን አብራሪ። ከሹኩና የመጣ የተራበ ሰው አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እዚያ አንድ ላይ ይታያል። ኅዳር 2008፣ ሙምባይ፣ ሕንድ። አሥር ሰዎች ከካራቺ በባሕር መጥተው በሦስት ቀን 166 ሰው ገደሉ። ከአሥሩ በሕይወት የተያዘው አጅማል ካሳብ አንድ ብቻ ነበር። ካሳብ በእርግጥም ድሀ ነው። የፓኪስታን ገጠር ልጅ፣ ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ በቀን ሥራ ሲንከራተት የኖረ። ቆስሎ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሲጠየቅ ስለ ቤተሰቡ ችግርና ስለ ገንዘብ ተናግሯል። «ይኸው! አልንህም?» ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ። ካሳብ ሆቴሉን ያውቀው ነበር? አያውቅም። ከተማውን ረግጦት ነበር? አልረገጠም። ሆቴሉን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ የኻባድን ቤት አስቀድሞ ዞሮ ያየውና ፊልም ያነሣው ዴቪድ ሄድሊ ነው። ሄድሊ ማን ነው? አባቱ የታወቀ የፓኪስታን ሬድዮ ሰው፣ እናቱ የፊላደልፊያ አሜሪካዊት፣ ኪሱ ውስጥ የአሜሪካ ፓስፖርት። ካሳብ ሰው ሊገድልበት የተላከበት ከተማ ውስጥ ሄድሊ ታጅ ሆቴል አልጋ ይዞ ተኝቷል። ካሳብ በ2012 ተሰቀለ። ሄድሊ አሜሪካ እስር ቤት 35 ዓመት ተፈረደበት፣ በሕይወት አለ። እንግዲህ «ሽብርን ድህነት ወለደው» ስትሉ ሄድሊን ከፎቶው ላይ ቆርጣችሁ ካሳብን ብቻ ታስቀራላችሁ።

በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላም ሰው ነበረች። የኻባድ ቤቱን ረቢና ሚስቱን ሲገድሏቸው፣ የሁለት ዓመቱን ሞሼን ከደም መካከል አንሥታ ሮጣ ያወጣችው ሕንዳዊቷ ሞግዚት ናት። በሰው ቤት ሠርታ የምታድር ሴት። ከካሳብ ይልቅ ሀብታም ነበረች? ድህነት ሰውን ገዳይ የሚያደርግ ቢሆን እሷ ቀድማ በመስኮት ዘልላ ራሷን ባወጣች ነበር።

የእኩልነት መጥፋት ከሽብር ጋር ግንኙነት የለውም እያልኩ ነው? አይደለም። አለው፤ ግን ሰዎቹ በሚሉት በር አይደለም የሚገባው። በመጀመሪያ በሟቹ በኩል ነው የሚገባው።

ነሐሴ 1998 አል ቃዒዳ ናይሮቢ የአሜሪካን ኤምባሲ አፈነዳ። 213 ሰው ሞተ። አሜሪካውያኑ ስንት ነበሩ? 12። የቀረው ማለት ይቻላል ሁሉም ኬንያዊ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ፣ መንገደኛ፣ ኤምባሲው አጠገብ በነበረው ሕንፃ የጸሐፊነት ሙያ ይማሩ የነበሩ ልጆች። ከ4,000 በላይ ሰው ቆሰለ፣ መስተዋት ዓይኑን ያጠፋው ብዙ ነው። የሚሊየነር ልጅ በላከው ቦምብ ታይፒስት ለመሆን የወጣች የድሀ ልጅ ሞተች። ከአራት ዓመት በኋላ ሞምባሳ አጠገብ የእስራኤላውያን ሆቴል ሲመታም ያው ነው፤ 3 እስራኤላውያን፣ ከእነሱም ሁለቱ ልጆች፣ 10 ደግሞ ኬንያውያን። ከኬንያውያኑ ብዙዎቹ እንግዳ ለመቀበል የሚጨፍሩ ነበሩ። በ2017 ሞቃዲሾ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከ500 በላይ ሶማሌ ፈጀ፤ ሻይ ሻጭ፣ ተማሪ፣ ታክሲ ጠባቂ። ሀብታም አገር ውስጥ አሥር ሰው ሲሞት ዓለም ባንዲራ ይለብሳል፣ ሞቃዲሾ ላይ አምስት መቶ ሲሞት በማግስቱ ይረሳል። ይሄም እኩልነት ማጣት ነው፣ ማንም ግን በዚህ ስሙ አይጠራውም።

እዚሁ አገራችንስ? በሁለተኛው ኢንቲፋዳ አውቶቡስ ሲፈነዳ አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ማን ነው? መኪና ያለው ሰው መኪናውን ይዞ ሄደ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ ኩፓት ሖሊም የሚሄዱ ሽማግሌ፣ አዲስ ኦሌ ናቸው። ዛሬም አዛቃ ሲጮኽ አዲስ ቤት ያለው ሰው ሁለት እርምጃ ሄዶ ማማዱ ውስጥ ይገባል። ከ90ዎቹ በፊት በተሠራ ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት የሚኖሩ እማማስ? ሚክላቱ ምድር ቤት ነው፣ ጉልበታቸው አይታዘዝም። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ። ስለ ሽብርና ስለ ሀብት ልዩነት ማውራት ከተፈለገ ከዚህ ደረጃ ይጀመር።

ሁለተኛው በር ቅጥር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 አፍሪካ ውስጥ በፈቃዳቸው እንደ አል ሸባብና ቦኮ ሀራም ያሉትን ቡድኖች የተቀላቀሉ 495 ሰዎችን አነጋግሮ ነበር። 71 በመቶዎቹ ቁርጥ ያስወሰናቸው ነገር መንግሥት ያደረገው ነገር ነው አሉ፤ ወንድም መገደሉ፣ ጓደኛ መታሰሩ። በ2023 ጥናቱ ሲደገም ደግሞ ሩቡ ያህል ዋና ምክንያታችን ሥራ ማግኘት ነው አሉ። ይሄን አልደብቅም፣ እውነት ነው። በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ ለወጣት ነጋዴ ብድር ሰጥተው፣ ብድሩን መክፈል ሲያቅተው በጠመንጃ የሚያስከፍሉ ነበሩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ግን ልብ በሉ፤ ጭንቀቱ ሠራተኛ ያቀርባል እንጂ ፋብሪካውን አይተክልም። ቀጣሪው፣ ከፋዩ፣ ቃሉን የሚሰብከው ሌላ ነው። ቀጣሪ በሌለበት አገር ያው ድሀ ወጣት ወይ ይሰደዳል፣ ወይ አናናስ ይሸጣል፣ ወይ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ሦስተኛው በር መናቅ ነው፤ ይሄኛው ወደ እኛ ይጠጋል። ጄምስ ፒያዛ የተባለ ተመራማሪ በ2011 እንዳሳየው፣ የአገር ውስጥ ሽብር የሚበዛው ድሀ በሆነ አገር ሳይሆን፣ አንድ ወገን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ተለይቶ ከሥራና ከሀብት በሚገፋበት አገር ነው። ድህነትና መገፋት ሁለት ነገር ናቸው። አባቴ ድሀ ነበር፤ ጎረቤቱም ድሀ ነበረና አልተዋረደም። መገፋት ግን ከጎን ያለው ሲበላ እያዩ በር መዘጋት ነው። ያም ሆኖ መገፋት ብቻውን ገዳይ አያደርግም፤ ምስክሮቹ እኛው ነን። በ2015ም በ2019ም ልጆቻችን መንገድ ወጡ፣ አያሎንን ዘጉ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ መኪናም ተቃጠለ፤ ያ ጥሩ ነበር አልልም። ግን ሰው አልገደሉም። ለምን? የሚጮኹበት አደባባይ ስለነበራቸው፣ ከኋላቸውም ጠመንጃ የሚያድል ባለገንዘብ ስላልነበረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናት አባት «ልጄ፣ በሕይወት ተመለስልኝ» እያለ ስለለመነ ነው።

ይሄን ሁሉ የምለው ክርክሩ የወሬ ክርክር ስላልሆነ ነው። በዚህ የተሳሳተ ሐሳብ መንግሥታት ሥራ ይሠሩበታል። ከ2018 ጀምሮ ከኳታር ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ ጋዛ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ብቻ 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ሐሳቡ ምን ነበር? «ኪሳቸው ከሞላ ጸጥ ይላሉ»። እስከ ጥቅምት 2023 ድረስ ወደ 18,000 የጋዛ ሰው እስራኤል ገብቶ የሚሠራበት ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ሐሳቡ ያው ነው። ከዚያ ጥቅምት 7 መጣ፤ ወደ 1,200 ሰው ተገደለ፣ 251 ታፍኖ ተወሰደ። ስዴሮትና አሽቀሎን ላሉ ቤተሰቦቻችን ያ ቀን ምን እንደነበር እኔ አልነግራቸውም። የሥራ ፈቃዱ ለጋዛው ሠራተኛ ዳቦ ነበር፣ ሠራተኛው አልተጠላም። ስሕተቱ የሐማስ አለቆች እንደ ቀን ሠራተኛው የሚያስቡ መስሎ መታየቱ ነው። ቀን ሠራተኛው የሚፈልገው ደመወዝ ነው። አለቃው የደመወዝ ችግር መቼ ነበረበት? አንዳንዶቹ ዶሃ ተቀምጠው አይደል እንዴ የሚያዝዙት? ደመወዝ ፈላጊው ዛሬ ፍርስራሽ ላይ ቆሟል።

ሌላው ጉዳት በእርዳታ ላይ ነው። በ2002 ፕሬዝዳንት ቡሽ ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ ስብሰባ ላይ ድህነትን የምንዋጋው ተስፋ ለሽብር መልስ ስለሆነ ነው ብለው ተናገሩ። ጥሩ ቃል ይመስላል። ግን በዚህ ሒሳብ ዝም ብሎ የሚራብ አገር ምን ይድረሰው? ማላዊ ማንንም አላስፈራራችም፤ ስለዚህ ትቆይ? የሚያስፈራ ቀድሞ ይብላ ማለት እኮ ነው። ልጅ የሚመገበው ስለራበው መሆን ሲገባው፣ ነገ እንዳይወጋን ተብሎ ሲሆን፣ እጅ የሚዘረጋለት እንደ ተጠርጣሪ ነው።

እኛ ደግሞ ተጠርጣሪ መሆንን እናውቃለን። በ2016 የዚያን ጊዜው የፖሊስ ማፍካል ሮኒ አልሼህ፣ በዓለም ዙሪያ ጥናቶች ስደተኛ ከሌላው ይበልጥ ወንጀል ውስጥ እንደሚገኝ ያሳያሉ፣ ስለዚህ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ሲያይ ይበልጥ ቢጠረጥር ተፈጥሮ ነው የሚል ንግግር አደረጉ። ተቆጣን፣ ጮኽን፣ ትክክል ነበርን። ታዲያ ያ ንግግርና «ድህነት አሸባሪ ይወልዳል» የሚለው በምን ይለያያሉ? ሁለቱም አንድን ልጅ ሳያዩት፣ በሰፈሩና በአባቱ ኪስ ይፈርዱበታል። ለሌላው ሲነገር «ልክ ነው» ብለን ራሳችንን ነቅንቀን፣ ለልጃችን ሲነገር «ዘረኝነት ነው» ማለት አንችልም። ልጁ ሁለቱንም ይሰማል።

እና አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። የከተማው ሰዎች ወደየሰፈራችን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ ለወጣቶች ማዕከል፣ ለማጠናከሪያ ትምህርት፣ ለስፖርት ሜዳ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ «ዐመፅን ለመከላከል» ተብሎ ይጻፋል። ዕብራይስጡን ማንበብ ለሚከብዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። ገንዘቡን አትመልሱ፣ ይገባናል። ምክንያቱን ግን አስፍቁት። ልጅቷ ሒሳብ የምትማረው ሒሳብ እንድታውቅና ባግሩቷን እንድታልፍ ነው ተብሎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አትፈርሙ። እምቢ ካሏችሁ እዚህ ጻፉልኝ፣ አብሬ እሄዳለሁ።